ያልተቆጠሩት አሥራ ዘጠኝ ደጋኖች

ደብረ ታቦር
የካቲት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ አያ እሸቴ፣

አንቱ ብዬ ስጽፍልዎት ግር ይልዎት ይሆናል። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ከአፌ አልሰሙትም። እብናት ላይ ስንተዋወቅ እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ መምህር ነበርኩ፤ አንቱ ስልሳን አልፈው ነበር። እኔ «እሸቴ፣ እስቲ አንድ በልልን» እልዎታለሁ፤ አንቱ ደግሞ ጎንበስ ብለው «እሺ መምህር፣ ምን ይወዳሉ?» ይሉኛል። የጎረቤታችንን ሽማግሌ አንተ ብል ኖሮ እናቴ በጥፊ ባጮለችኝ ነበር። ለአዝማሪ ሲሆን ግን የሚቆጣ አልነበረም፤ እኔም ከሌላው የተሻልኩ አልነበርኩም።

ከሞቱ ስምንተኛ ዓመትዎን ይዘዋል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ነው ቢሉኝ አልከራከርዎትም። ግን ይህ የናፍቆት ደብዳቤ ብቻ አይደለም። ሊደርስዎት ይገባ የነበረ፣ አሥራ አንድ ዓመት የዘገየ ደብዳቤ ነው። ለምን እንደዘገየ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ከኔ ሌላ ነገሩን በደንብ የሚያውቀው ኢብራሂም ነው፤ እሱ ደግሞ ቆዳ ነጋዴ ነውና ነገር እስኪደርቅ መጠበቅ ይችልበታል።

የካቲት 1995ን ያስታውሱታል። የጉና ባህላዊ ሙዚቃ ማኅበር ሊመሠረት ነው ተብሎ ከእብናትም ከይፋግም ከአንበሳሜም ሰው ተጠርቶ እዚህ ደብረ ታቦር አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የዕለቱ ዋና ጉዳይ ሰባት ሰዎች ያሉበት ቦርድ መምረጥ ነበር። አቶ ገሰሰ የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። እኔን «የሒሳብ መምህር እያለ ሌላ ማን ይቆጥራል» ብለው ጸሐፊም ድምፅ ቆጣሪም አደረጉኝ። አብሮኝ እንዲቆጥር የተመረጠው ኢብራሂም ነው። ለማሲንቆ የሚሆነውን የፍየል ቆዳ ለሁላችሁም የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ ለማንም አያደላም ተባለ።

የጥሪውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አዝማሪዎች ማሲንቋችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ» የሚል አለበት። አባልም ነበራችሁ አጫዋችም ነበራችሁ፤ ስብሰባው ሲያልቅ ምሳ አለ፣ ምሳ ካለ ጨዋታ አለ። አሥራ ዘጠኝ ሆናችሁ መጣችሁ። ወንበሩ ስላልበቃ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ቆማችሁ። አንድ ሰው ማሲንቋችሁን መሬት አስቀምጣችሁ አረፍ በሉ ቢላችሁ አንቱ «ማሲንቆ መሬት አይተኛም» አሉት። እንዲያ ነበር ሕጋችሁ። ስለዚህ አሥራ ዘጠኛችሁም በግራ እጃችሁ የማሲንቆውን አንገት፣ በቀኛችሁ መምቻውን ደጋን እንደያዛችሁ ስብሰባውን ቆማችሁ ሰማችሁ።

ስድስቱ የቦርድ አባላት በጭብጨባ አለፉ። አቶ ገሰሰ ራሳቸው አሉበት፣ ርዕሰ መምህር አለ፣ የቢሮ ሰው አለ፣ ሆቴል ያለው አለ፤ ማሲንቆ ይዞ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። ለሰባተኛው ወንበር አቶ ሙላቴ ተጠቆሙ። እሳቸውም የቢሮ ሰው ናቸው። ያኔ የይፋጉ ዋሽንት ነፊ ተነሥቶ «የሙዚቃ ማኅበር ከሆነ ሙዚቃ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ይግባበት እንጂ» አለና የእርስዎን ስም ጠራ። አዳራሹ ሳቀ። አቶ ገሰሰም ሳቁና «ይሁን፣ እጅ አውጡ» አሉ።

ለአቶ ሙላቴ ሃያ አራት እጅ ወጣ። ቀጥሎ የእርስዎ ስም ተጠራና ከወንበሮቹ መሀል ሃያ እጅ ቆጠርኩ። ቀና ስል ከኋላ በግድግዳው በኩል አሥራ ዘጠኝ ደጋኖች ከሰው ራስ በላይ ወጥተው ቆመዋል። በማኅሌት ላይ እንደሚነሣ መቋሚያ፣ ቀጥ ብለው። እጃችሁ ሥራ ይዟል፤ እጃችሁ የያዘውን አወጣችሁ። ከዚያ የበለጠ ግልጽ ድምፅ እስከዛሬ አላየሁም።

ኢብራሂም በክርኑ ነካ አደረገኝና «ደጋኑስ?» አለኝ። እኔ ወደ አቶ ገሰሰ ዞርኩ። እሳቸው ሳያዩኝ «እጅ ነው ያልነው» አሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነበር። ድምፅ ሰጪው ስልሳ ሦስት ነው። ሃያ አራትና ሃያ፣ አርባ አራት። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ሰው የት ገባ ብሎ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ይጠይቃል። እኔ እስክሪብቶዬን አነሣሁና «ድምፀ ተአቅቦ 19» ብዬ ጻፍኩ። ማንንም አንመርጥም ያላችሁ አስመሰልኳችሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ አንደኛውን «አቶ ሙላቴ» ብዬ አንቱን «እሸቴ» ብቻ እንዳልኩዎት ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ከምሳ በኋላ የሆነውን አልረሱትም። ሰባቱ ተመራጮች ከፊት ተደርድረው ተቀመጡና አንቱ እንዲያወድሷቸው ተጠሩ። ወጡ፣ አወደሱም፤ አቶ ሙላቴን ሳይቀር። ከዚያ አቶ ገሰሰ ጠላቸውን አስቀምጠው «ተቀበል» አሉና ግጥም ሰጡዎት፤

ወንበር ምን ያደርጋል ለቆመ ሰውዬ፣
ማሲንቆህን ምታ ተቀበል ሎሌዬ።

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም መልሶ ማዜም ግዴታው ነው፤ በራሱ ላይ የተሰጠም ቢሆን። አንቱም ተቀበሉ። ቃል ሳይዘሉ፣ ድምፅዎ ሳይንቀጠቀጥ፣ ራስዎን ሎሌ ብለው አዜሙ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ማሲንቆዎን ይዘው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ። የራስዎን ጨመሩ፤

ቆጥረህ ስትጨርስ አንድ ጨምርበት፣
ያልቆጠርከው እጅ ነው ሥራ የበዛበት።

ሰው ስለ ምን እንደሆነ ሳይገባው አጨበጨበ። ኢብራሂም ብቻ ራሱን ደፋ። አንተ ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በግጥም።

አሁን ለምን እንዳደረግሁት ልንገርዎት፤ አንቱ ሳያውቁት የቀሩ ባይመስለኝም።

በ1989 ጥር እብናት ሠርግ ላይ ማሲንቆዎን «ይያዙልኝ» ብለው ሰጥተውኝ እጅዎን ሊታጠቡ ሄዱ። ሳላስበው የግራ እጄ አንገቱን ያዘ፣ ጣቶቼም ቦታቸውን አገኙ። ተመልሰው ሲያዩኝ ቆም አሉ።

«መምህር፣ ይህን ጣት ከየት አመጡት?»

«ከእናቴ» አልኩ እየሳቅሁ።

«እናትዎ የት ናቸው?»

አንበሳሜ ስልዎት ሳቄ ከአፌ ላይ ጠፋ፤ ምን እንደሚከተል አውቄዋለሁ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «የአያሌው ጣት ነው» አሉ።

የእናቴ አባት ማሲንቆ መቺው አያሌው እንደነበሩ እናቴ ለሰው ተናግራ አታውቅም። ስታገባ ነጋዴ ነበሩ አለች፤ እኛንም ነጋዴ ነበሩ በሉ አለችን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያወቅሁትን የማላውቅ መስዬ አደግሁ። ያን ቀን ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር እንጃ፤ አንቱ አይተው አዘኑልኝ። «አይዞዎት መምህር። የኔ አፍ የሚከፈተው ግጥም ሲሰጡኝ ብቻ ነው» አሉኝ። ቃልዎን እስኪሞቱ ጠበቁ።

በ1995 ግን ስርጉትን አጭቼ ነበር። ሠርጋችን ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል፤ አባቷ ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። የቦርዱ ጸሐፊ እንደምሆን አቶ ገሰሰ አስቀድመው ነግረውኛል። አንቱ ከተመረጡ በየወሩ ከአንድ ጠረጴዛ ልንቀመጥ ነው። ማሲንቆዎን አጠገቤ ያስደግፋሉ፣ አንድ ቀን አንዱ ያዝልኝ ይለኛል፣ ጣቴም ያሳጣኛል። ይህን ሁሉ ደጋኖቹ እንደቆሙ አሰብኩት። የአቶ ገሰሰ ቃል ምክንያት ሆነልኝ እንጂ እሳቸው ባይናገሩም አልቆጥራችሁም ነበር። ፈራሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ስንት ዓመት ደክሜያለሁ፤ ፍርሃት ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ዝምታ ነቀዘ።

ነሐሴ 1998 ማረፍዎን ድንቅነሽ ልካ አስነገረችኝ። ልጅዎ ለኔ መላኳ ያኔ ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ባለፈው እሑድ ነው። ክረምቱ ከባድ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ተቆርጧል አልኩ። ለኢብራሂም አልተቆረጠም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሄዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ አስቀብሮዎት ተመለሰ። ሱቁ ስገባ «አፈር አለበስነው» አለኝና ቆዳውን መዘርጋቱን ቀጠለ።

በመስከረም ትምህርት ተጀመረ። ስምንተኛ ክፍል፣ ሃምሳ ሁለት ተማሪ። የገባችሁ እጅ አውጡ አልኩና ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ሦስት። ሳቅሁ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ሦስት። ስም ጠራሁ፤ ሃምሳ ሁለት። አንዱ ሁለት እጁን አውጥቶ ነው ብዬ አለፍኩ። በጥቅምት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ትርፍ። በኅዳር የዕድራችን ዳኛ ሲመረጥ ሠላሳ አንድ ሰው ገብቶ ሠላሳ ሁለት ድምፅ ቆጠርኩ። ሰው ሁሉ «የሒሳብ መምህር!» እያለ ሲስቅብኝ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ትርፉ ምንጊዜም ከኋላ ነው፣ በግድግዳው በኩል። ከእጅ ይቀጥናል። ቀጥ ብዬ ሳየው የለም፤ መቁጠር ስጀምር ግን አለ።

አንድ ጨምርበት ብለውኝ የለ።

ከዚያ ወዲህ እጅ የሚወጣበት ቦታ ሲሆን ወረቀቱን ለሌላ ሰው አሳልፌ እወጣለሁ። ስርጉት ግራ ቢገባት ጠበል ወሰደችኝ። ቄሱ ምን ይታይሃል ቢሉኝ ቁጥር አልኳቸው። የቁጥር ጋኔን ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝና ሁለት ሱባዔ ጠመቁኝ። የማን እጅ እንደሆነ ግን ቢጠይቁኝ ኖሮ ያን ጊዜ አልነግራቸውም ነበር። ለእግዜርም ለስርጉትም የደበቅሁትን ለቄስ እንዴት ልናገር?

ማኅበሩስ እንዴት ሆነ ይሉኝ ይሆናል። ደንቡ የቦርዱ ዘመን ሦስት ዓመት ነው ይላል፤ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥን። አቶ ገሰሰ ሊቀ መንበር፣ እኔ ጸሐፊ። አራት ዶሴ ሙሉ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፤ በዚያ ቢሮ ግን አንድም ቀን ማሲንቆ አልተሰማም። ከአሥራ ዘጠኛችሁ አንቱን ጨምሮ ስድስቱ ሞቱ። ሌሎቹ አንዳንዱ ባሕር ዳር ገባ፣ አንዳንዱ ማሲንቆውን ሰቅሎ እርሻውን ያዘ። ሰባት ቀሩ።

ዘንድሮ የግድ ምርጫ ይደረግ ተባለ። የጥሪውን ወረቀት አሁንም እኔ ጻፍኩ፤ የድሮውን አውጥቼ ስገለብጥ «ማሲንቋችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ልሰርዘው እስክሪብቶዬን አንሥቼ ነበር። ተውኩት።

ባለፈው እሑድ በዚያው አዳራሽ ተሰበሰብን። ወንበር ትርፍ ነበር፤ ሰባቱ አዝማሪዎች ግን ከኋላ፣ በዚያው በግድግዳው በኩል ቆሙ። ድንቅነሽ አብራቸው ናት። ማሲንቆዎን ይዛለች። አቶ ገሰሰ አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ግን ከፊት ተቀምጠው ያዘጋጇቸውን ሰባት ስሞች በኪሳቸው ይዘዋል። እኔ አስመራጭ፣ ኢብራሂም እንደ ድሮው አብሮኝ ቆጣሪ ነን። ቆጠራውን ለእሱ ጥዬ ልወጣ አስቤ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው በታዛቢነት የመጣ አንድ ወጣት መምህር ነበር፤ የአርሲ ልጅ ነው፣ አገራችንን ገና መልመዱ ነው። ከምርጫ በፊት ያለፈው ምርጫ ቃለ ጉባኤ ተነቦ መጽደቅ አለበት ብሎ አንቀጽ ጠቀሰ። አቶ ገሰሰ ጊዜ አናባክን ቢሉም ሰው ይነበብ አለ። የፈሩት ይደርሳል። የገዛ ጽሕፈቴን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ስድስቱን አነበብኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ «አቶ ሙላቴ ሃያ አራት፣ እሸቴ ሃያ፣ ድምፀ ተአቅቦ አሥራ ዘጠኝ» አልኩና ገጹን ልገልጥ ስል ድንቅነሽ ከኋላ ተናገረች።

«መምህር፣ ድምፀ ተአቅቦ ማለት ምን ማለት ነው?»

ልትፈትነኝ አልነበረም፤ ቃሉን ስለማታውቀው ነው የጠየቀችኝ።

«ሰው እያለ እንደሌለ ሆኖ ሲቀመጥ ነው» አልኳት።

«እና ያን ቀን እንደሌለ ሆኖ የተቀመጠ ማን ነበር? አባቴና ጓደኞቹ እንደሆኑ ደጋናቸውን አንሥተው ነበር።»

ሰባቱን አየኋቸው፤ ማንም ወደ እኔ አያይም፤ ሁሉም የማሲንቋቸውን የጭራ ክር ያያሉ። አሥራ አንድ ዓመት በጥርሴ የያዝኩት ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ያወቅሁት ስናገረው ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እንደሌለ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ደጋኖቹን ማየቴን፣ ሒሳቡን ማወቄን፣ አሥራ ዘጠኝ ብዬ መጻፌን። ጣቴንም ተናገርኩ፤ አያቴ የአንበሳሜው አያሌው እንደሆኑ፣ ለዚያ ስል እንደፈራሁዎት። አቶ ገሰሰ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው «እጅ ነው ያልነው» አሉ፤ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ኢብራሂም ተነሣና ያን ቀን «ደጋኑስ» ብሎ መጠየቁን፣ መልስ ሳያገኝ ዝም በማለቱም እሱም ተጠያቂ መሆኑን ተናግሮ ተቀመጠ።

ወጣቱ መምህር ቃለ ጉባኤው በዚህ ሁኔታ አይጸድቅም፣ ይታረም ወይ ተብሎ ድምፅ ይሰጥበት አለ። ድንቅነሽ አላስጨረሰችውም።

«መጀመሪያ እነዚህን ይቁጠራቸው» አለች።

ሰባቱ ደጋናቸውን አነሡ። ያው ቀጥ ብሎ። ሦስቱ ሽማግሎች ናቸው። እየጠቆምኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ጣቴ አልቆመም። በበሩ አጠገብ፣ በመጨረሻው ሽማግሌ ጎን፣ አንድ ሌላ ደጋን አለ።

«ስምንት» አልኩ።

አልሳቁብኝም። ወደ ኢብራሂም ዞርኩ፤ እሱም በሩን ያያል።

«ስንት ሆነልህ?» አልኩት።

«እንዳንተው» አለኝ።

ድንቅነሽ የእርስዎን ማሲንቆ በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። ደጋኑ እጇ ላይ አልነበረም። ከቤት ስትወጣ አብራ ይዛው እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ስንወጣ በበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አገኘችው። እኔ ማስረዳት አልችልም፤ የሆነውን ነው የምጽፍልዎት።

ቃለ ጉባኤው ታረመ። ሃያ እጅና አሥራ ዘጠኝ ደጋን፣ ሠላሳ ዘጠኝ። አቶ ገሰሰ ድምፅ ሳይሰጡ ወጡ። ማንም አልሸኛቸውም፤ እኔም አልተነሣሁም። አዲሱ ቦርድ ሲመረጥ ሰው የአባቷን ወንበር ድንቅነሽ ትያዝ አለ። አልፈልግም አለች። «የአባቴ የአባቴ ነው፤ ስጡት። እኔን ከፈለጋችሁ በራሴ ስም ጠቁሙኝ» አለች። በራሷ ስም ተጠቆመች፣ አለፈችም። ከሰባቱም ሁለት ገቡ። እኔ አልተጠቆምኩም፤ ትክክል ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወንበር ስሰበስብ መጣችና ቁጭ አለች። ሲሞቱ ለምን ለኔ እንደላከች ጠየቅኋት።

«አባቴ እኮ ደብዳቤ ሲጠብቅ ነው የሞተው» አለችኝ። «ከታቦር ሰው በመጣ ቁጥር ‹መምህሩ ደብዳቤ አልላከም?› ይላል። የምን ደብዳቤ ስንለው ‹ሒሳብ ያውቃል እኮ፤ ቆጥሮ ቆጥሮ ይደርስበታል› ይለናል። ሲያጣጥርም ጠይቋል።»

አያ እሸቴ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላ ቆመው የሚከታተሉኝ ለበቀል መስሎኝ ነበር። ለካ እስክደርስበት እየጠበቁኝ ኖረዋል።

ስርጉት ከእሑድ ጀምሮ ብዙ አልተናገረችኝም። ከገበያ ሰምታ ነው የቆየችኝ። ትላንት የልጃችንን እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታይ አገኘኋት። ምን እንዳየች አልጠየቅኋትም። ለእናቴም ወደ አንበሳሜ ደውዬ የአባትሽ ደጋን የት ደረሰ አልኳት። «ሳጥኔ ውስጥ ነው። ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ገብቼ ቆጠርኩ። ሃምሳ አንድ ተማሪ፣ ሃምሳ ሁለት እጅ። አልደነገጥኩም። ሃምሳ ሁለት ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ትምህርቴን ቀጠልኩ።

የአባትዎን ስም ድንቅነሽን ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ስንት ዓመት አንተ እሸቴ ስልዎት የማን ልጅ ነህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንግዲህ የጠበቁት ደብዳቤ ይኸው፤

ለአቶ እሸቴ ትእዛዝ
ባሉበት

በማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ለቦርድ አባልነት የተመረጠ ሰው መመረጡ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ስለሆነም በየካቲት 1995 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ድምፅ የቦርድ አባል ሆነው መመረጥዎን አሳውቃለሁ። ደብዳቤው የዘገየው በቆጣሪው ጥፋት ነው።

ማንበብ ስለማይችሉ ቅዳሜ እብናት መቃብርዎ ድረስ ወርጄ እራሴ አነብልዎታለሁ። ዓርብ በአንበሳሜ ዞሬ የአያቴን ደጋን ከእናቴ ሳጥን አውጥቼ ይዤው እመጣለሁ፤ ስመጣ እጄ ባዶ አይሆንም።

ድምፅ ቆጣሪዎ
ቢያድግልኝ፣ የማሲንቆ መቺው የአያሌው የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለአሥራ ስምንቱ
ባሉበት